አሠሪያችን የድርድር ሥልጠና ልክፈልላችሁ አለን፤ እንቀበል ወይስ እንመልስ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«አዳማ አካባቢ በሚገኝ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ በማሸጊያ ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሆኜ ተመርጫለሁ። ከድርጅቱ ጋር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የተፈራረምነው የኅብረት ስምምነት ሊያበቃ አምስት ወር ቀርቶታል። የቀድሞዎቹ መሪዎች በሙሉ ከድርጅቱ ስለለቀቁ ከአዲሶቹ ተመራጮች መካከል ከአሠሪ ጋር ለድርድር ተቀምጦ የሚያውቅ የለም። ድርጅቱ ግን የሰው ኃይል ኃላፊውንና ጠበቃውን ይዞ ይቀርባል። አሁን አስተዳደሩ ለእኛም ለእነሱም በአንድነት የሦስት ቀን የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነትና የድርድር ክህሎት ሥልጠና በሆቴል እንደሚያዘጋጅ፣ ሙሉ ወጪውንም እንደሚችል በደብዳቤ አሳውቆናል። ከኮሚቴያችን ግማሹ ‹እንጀራቸውን በልተን በምን አፋችን እንከራከራቸዋለን?› ሲል ግማሹ ‹ዕውቀት ዕውቀት ነው፤ ማንም ይክፈለው› ይላል። እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ወደ ፋብሪካ የገባሁ ነኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል። የምሥክር ወረቀት ሳይኖረኝ ከጠበቃ ጋር መደራደር እችላለሁ? ግብዣውንስ እንቀበለው?»

መልስ

የተከበሩ እኅታችን፣

ምክሬን አስቀድሜ ልንገርዎና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። ሥልጠና ያስፈልጋችኋል፤ የአስተዳደሩንም ግብዣ በደፈናው አትመልሱት። ነገር ግን መጀመሪያ ለብቻችሁ፣ እናንተ በመረጣችሁት አሠልጣኝ፣ በራሳችሁ የኅብረት ስምምነት ላይ ሠልጥኑ፤ ከአስተዳደሩ ጋር በአንድነት የሚሰጠው ሥልጠና ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን በጋራው ሥልጠና ላይ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሲከልስ ሌላው ወገን የማያውቀውን ገና ሲሰማ ይውላል፤ እንዲህ ያለው መድረክ ደግሞ ተደራዳሪን ከማጎልበት ይልቅ ያሸማቅቃል።

የምሥክር ወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልመልሰው። ሕጉ ተደራዳሪን ወረቀት አይጠይቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኞችን በኅብረት ድርድር የሚወክሉት የማኅበሩ መሪዎች ወይም በማኅበሩ ደንብ መሠረት የተወከሉ ሰዎች መሆናቸውን ይደነግጋል። ሁለቱም ወገኖች በሙያ የሚረዷቸውን አማካሪዎች ይዘው መቅረብ እንደሚችሉም ያው አዋጅ ይፈቅዳል። ስለዚህ የድርጅቱ ጠበቃ በዚያ የሚቀመጠው በአማካሪነት ነው፤ እናንተም ከፌዴሬሽናችሁ፣ ማለትም ከዘርፋችሁ ማኅበራት ኅብረት፣ የሕግ ባለሙያ ማስመጣት ትችላላችሁ። ጠበቃው የማያውቀውና እርስዎ የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ፦ የማሸጊያው ማሽን በፈረቃ ስንት ጊዜ እንደሚቆም፣ የዱቄቱ ብናኝ የትኛው ክፍል እንደሚበዛ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች እንዴት ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ። ጥሩ ሥልጠና ይህን የእርስዎን ዕውቀት አሠሪው ሊክደው ወደማይችለው ክርክር መለወጥ ያስተምራል።

አሁን ኮሚቴውን ለሁለት ወደ ከፈለው ጥያቄ ልምጣ፤ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋልና ጉዳዩ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 98 በሁለተኛው አንቀጹ አሠሪዎችና ሠራተኛ ማኅበራት አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ይከለክላል። የሠራተኛ ማኅበርን በአሠሪ ቁጥጥር ሥር ለማድረግ በማሰብ በገንዘብም ሆነ በሌላ መንገድ መደገፍን ደግሞ ከዚሁ ጣልቃ ገብነት ይቆጥረዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ሀገራችን ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ስለሚል ይህ ክልከላ እኛንም ይመለከተናል። ነገር ግን ስምምነቱ የሚመዝነው የድጋፉን ዓላማ መሆኑን ልብ ይበሉ። አሠሪ ለጋራ ሥልጠና የአዳራሽና የምሳ ወጪ መሸፈኑ ብቻውን ማኅበሩን በቁጥጥር ሥር አያደርገውም። አሠልጣኙን፣ ርዕሱን፣ ቀኑንና የሚገኙትን የማኅበሩን ሰዎች ጭምር እርሱ ብቻ ከመረጠ ግን «እንጀራቸውን በልተን» የሚሉት የኮሚቴ አባላት ሥጋት ተገቢ ነው።

ይህንኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዚሁ ድርጅት የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 163 በግልጽ ይዞታል። ሰነዱ በየደረጃው ያሉ ተደራዳሪዎች ተገቢ ሥልጠና የሚያገኙበት ዕድል እንዲኖር ተደራዳሪ ወገኖች እርምጃ ይውሰዱ ይላል፤ የሥልጠናውን ይዘትና ቁጥጥር ግን የሚመለከተው የሠራተኞች ወይም የአሠሪዎች ድርጅት ራሱ ይወስን ይላል። እንዲህ ያለው የውሳኔ ሐሳብ እንደ ጸደቀ ስምምነት አስገዳጅ አይደለም፤ ሆኖም ለአስተዳደሩ በምትጽፉት መልስ ላይ ብትጠቅሱት ጥያቄያችሁ ከጥርጣሬ የመነጨ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ የታወቀ አሠራር መሆኑን ያሳያል።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የአዋጁ አንቀጽ 82 የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች የሥራ ክርክር ለማቅረብ፣ የኅብረት ስምምነት ለመደራደር፣ በማኅበሩ ስብሰባ ለመገኘት፣ በሴሚናርና በሥልጠና ለመካፈል ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንደሚያገኙ ይደነግጋል፤ የአሰጣጡን ሁኔታ በኅብረት ስምምነት መወሰን ይቻላል። እንግዲህ ፌዴሬሽናችሁ ወደሚያዘጋጀው ሥልጠና ስትሄዱ ደመወዛችሁ አይቆረጥም ማለት ነው፤ ይህም መብታችሁ እንጂ የአስተዳደሩ ችሮታ አይደለም። በነባሩ ስምምነታችሁ ውስጥ ይህ ፈቃድ በዓመት ለስንት ሰውና ለስንት ቀን እንደሚሰጥ ተጽፎ እንደሆነ ፈልጉ። ካልተጻፈ በመጪው ድርድር ከምታቀርቧቸው ነጥቦች አንዱ ይሁን፤ ለድርጅቱ ብዙ ወጪ አያስከትልም፣ ለማኅበሩ ግን የሚቀጥሉትን ዓመታት ይጠቅማል።

ስለ ጊዜው አጥብቄ ላሳስብዎ እወዳለሁ፤ የብዙ ማኅበራት ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነውና። አዋጁ ተዋዋዮቹ ነባሩን ስምምነት ለማሻሻል ወይም ለመለወጥ የሚያደርጉትን ድርድር ስምምነቱ ከማብቃቱ ከሦስት ወር በፊት እንዲጀምሩ ያዝዛል። ስምምነቱ ካበቃ በኋላ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተቋጨ ደመወዝንና ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞችን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። የዚህን ትርጉም ለአባላት በሚገባቸው ቋንቋ አስረዷቸው፦ ነገሩ በተጓተተ ቁጥር የሚጎዳው በነባሩ ስምምነት የሚጠቀመው ሠራተኛ ነው። አምስት ወር ከቀራችሁ ለመሠልጠንና ለመዘጋጀት ያላችሁ ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። የድርድሩ ጥያቄ በጽሑፍ ሲቀርብ ረቂቁም አብሮ መቅረብ አለበት፤ የተጠየቀው ወገን በአሥር ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ ይኖርበታል፤ ከድርድሩ በፊትም ሁለቱ ወገኖች የድርድር ሥነ ሥርዓት ደንብ ያወጣሉ። ሥልጠናው ከነዚህ ቀኖች ቀድሞ ካልተሰጠ ዋጋው ይቀንሳልና የአስተዳደሩ ደብዳቤ የያዘውን ቀን አሁኑኑ ከስምምነቱ ማብቂያ ቀን ጋር አስተያዩት።

ለብቻችሁ የምትወስዱት ሥልጠና ምን ይምሰል? እኔ ብሆን ለድርድር ፅንሰ ሐሳብ ከግማሽ ቀን በላይ አልሰጥም። የቀረው ጊዜ ነባሩን የኅብረት ስምምነታችሁን አንቀጽ በአንቀጽ ለማንበብ ይዋል። ለምሳሌ በብዙ ስምምነቶች ውስጥ «ድርጅቱ ለሠራተኞች የሥራ ልብስና የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ያቀርባል» የሚል አንቀጽ ይገኛል። ሲነበብ መልካም ነው፤ ሲፈጸም ግን ስንት ልብስ፣ በየትኛው ወር፣ ለየትኛው ክፍል፣ ቢቀደድስ ማን ይተካዋል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የላቸውም፤ አቤቱታውም ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል ይኖራል። አሠልጣኙ ይህን አንቀጽ ሰጥቶ እናንተው እንደገና እንድትጽፉት ያድርግ፦ «ድርጅቱ ለእያንዳንዱ የምርትና የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ በዓመት ሁለት የሥራ ልብስ፣ አንዱን እስከ መስከረም 30 ሌላውን እስከ መጋቢት 30 ይሰጣል፤ በሥራ ምክንያት ከጥቅም ውጪ የሆነውን አሮጌውን ተረክቦ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይተካል» በሚል ዓይነት። ይህን ልምምድ በአምስትና በስድስት አንቀጾች ላይ የሠራ ኮሚቴ የጠበቃ ረቂቅ ሲቀርብለት የጎደለውን ለመለየት አይቸገርም።

ሁለተኛው ትልቅ ክፍል ሒሳብ ነው። የደመወዝ ጥያቄ ለማቅረብ ዋጋውን ከአሠሪው እኩል ማወቅ ያስፈልጋል። ለማስላት እንዲመች በማኅበራችሁ 420 ሠራተኛ አለ እንበል። ለእያንዳንዱ በወር የ300 ብር ጭማሪ ብትጠይቁ በወር 126,000 ብር፣ በዓመት 1,512,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ አሠሪው ለጡረታ የሚከፍለው 11 በመቶ 166,320 ብር ሲጨመር 1,678,320 ብር ይደርሳል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከደመወዝ ላይ ስለሚሰላ እርሱም አብሮ ያድጋል። ገንዘቡ በደመወዝ ፈንታ በትራንስፖርት አበል መልክ ቢሰጥ ግን ጡረታውንም ሆነ የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ አያሳድግም። አንዳንድ አሠሪዎች አበልን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሠራተኛው ዛሬ የሚደርሰው ብር እኩል ቢመስለውም በጡረታው ላይ የሚያጣውን ማወቅ አለበት። የጭማሪው ዓይነትም ይለያያል፦ 10 በመቶ ሲጨመር 4,000 ብር የሚያገኘው 400 ብር፣ 20,000 ብር የሚያገኘው 2,000 ብር ያገኛል። እኩል መጠን ያለው ጭማሪ ዝቅተኛውን ይጠቅማል፣ በመቶኛ የሚሰላው ከፍተኛውን። የትኛውን እንደምትጠይቁ አባላቱ ተመካክረው ካልወሰኑ ክፍፍሉን በድርድሩ መሐል ሌላው ወገን ይጠቀምበታል። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ራሱ የብር መጠን አላስቀመጠም፤ ስለዚህ የእናንተን ደመወዝ በተመለከተ ዋናው መሣሪያ የኅብረት ስምምነቱ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የዋጋ ንረት መረጃም ስምምነቱ ከተፈረመበት ጊዜ ጀምሮ ሰብስቡ።

ሦስተኛው የልምምድ ድርድር ነው፤ ስለ ድምፅዎ መንቀጥቀጥ የጻፉልኝም መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች የአሠሪውን፣ ሦስት ሰዎች የማኅበሩን ቦታ ይዘው ይቀመጡ፤ የቀሩት ይመልከቱና ይመዝግቡ። የአሠሪውን ቦታ የሚይዙት ይቆጡ፣ «በጀት የለም» ይበሉ፣ ንግግር ያቋርጡ። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። በማኅበራት ውስጥ የጎበዝ ተናጋሪን ችሎታ አግዝፈን የማየት ልማድ አለን፤ በእኔ እምነት ግን በድርድር ላይ ብዙ የሚያሸንፈው ተዘጋጅቶ በዝግታ የሚናገር ሰው ነው። ሊቀ መንበር ስለሆኑ ብቻ ሁሉንም ነጥብ እርስዎ መናገር የለብዎትም። የደመወዙን ነጥብ ሒሳቡን የሠራው፣ የደኅንነቱን ነጥብ ከምርት ክፍል የተመረጠው ያቅርበው፤ አንድ ሰው ደግሞ ሥራው ቃለ ጉባኤ መያዝ ብቻ ይሁን። ያልተጠበቀ ሐሳብ ሲቀርብ «ለብቻችን እንምከርበት» ብሎ ወጣ ማለት መብት ስለሆነ በሥነ ሥርዓት ደንቡ ውስጥ አስቀድማችሁ አስገቡት፤ በልምምዱም ላይ ተጠቀሙበት።

የሥራ ማቆምን ጉዳይ ሥልጠናው በአጭሩ ይንካው። አስቀድሞ በስምምነት ለመፍታት መሞከርንና የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያን ጨምሮ ሕጉ የሚጠይቃቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ሁሉም የኮሚቴ አባል ይወቅ፤ ድርድሩ ከመጀመሩ በፊት ግን የማስፈራሪያ ቃል አታድርጉት። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ የሚሄድበት መንገድ አለ። እያንዳንዱን ስብሰባ በፊርማ በተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ መያዝ የሚጠቅመውም ያኔ ነው፤ አዋጁ ሁለቱም ወገኖች በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ግዴታ ስለሚጥል ማን እንደቀረበ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን መልስ እንደከለከለ በጽሑፍ መገኘት አለበት።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ የአስተዳደሩ የጋራ ሥልጠና ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ስለሚጠቅም ነው። ፋብሪካው ውስጥ አብራችሁ ትኖራላችሁ፤ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ በየቀኑ የሚፈጽሙት የክፍል ኃላፊዎችና የማኅበሩ ተጠሪዎች ናቸው። አዋጁ በኅብረት ስምምነት ሊካተቱ ከሚችሉት ጉዳዮች መካከል የሁለትዮሽ ማኅበራዊ ምክክር አመሠራረትንና አሠራርን ጠቅሷል፤ ይህን ዓይነቱን አሠራር በአንድ አዳራሽ አብሮ መማር ተገቢ ነው። የሌሊት ሰርቪስን ጉዳይ እንደ ምሳሌ ይውሰዱት። ማኅበሩ «አውቶቡስ ይመደብልን» ይላል፣ አስተዳደሩ «በጀት የለም» ይላል፣ ነገሩም በዚሁ ይቆማል። ሁለቱም ለምን እንደዚያ እንዳሉ ቢጠየቁ ግን ሠራተኞቹ የሚፈልጉት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በሰላም ቤት መግባት መሆኑ፣ አስተዳደሩ የሚፈራው ደግሞ መኪና ገዝቶ ሹፌር መቅጠር መሆኑ ይወጣል። ያኔ የፈረቃውን መውጫ ታክሲ ወደሚገኝበት ሰዓት ማምጣት፣ ከታክሲ ማኅበር ጋር ወርኃዊ ውል መግባት፣ ወይም ለሌሊት ፈረቃ ብቻ የተለየ ክፍያ መወሰን የሚሉ አማራጮች ይነሳሉ። እንዲህ ያለውን ከአቋም ይልቅ ፍላጎትን የመመርመር ስልት ሁለቱም ወገኖች አብረው ካልተማሩት አንዱ ብቻውን ሊጠቀምበት ሲሞክር እንደ ድክመት ይታይበታል። ሆኖም ይህ ስልት ለደመወዝ ያን ያህል እንደማይመች ማወቅ ይገባል፤ ብሩን በተመለከተ አንዱ የሚያገኘው ሌላው የሚያወጣው ስለሆነ መጨረሻው መከራከርና ማመዛዘን ነው።

አሠልጣኝ ፍለጋውን ከዘርፋችሁ ፌዴሬሽን ጀምሩ፤ እርሱም ካልቻለ ወደ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይመራችኋል። በዘርፋችሁ ያሉ ሌሎች ማኅበራት የፈረሟቸውን የኅብረት ስምምነቶች ቅጂ ከፌዴሬሽኑ ጠይቁ፤ ሌላው ፋብሪካ የተስማማበትን አንቀጽ ይዞ መቅረብ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የግል አማካሪ ድርጅት ሥልጠና እሰጣለሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ አሠልጣኙ ራሱ በየትኛው ወገን ሆኖ ተደራድሮ ያውቃል? የእኛን ስምምነት አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል? የልምምድ ድርድር ስንት ሰዓት ይይዛል? ለሁለተኛው ጥያቄ «የራሳችን የሥልጠና ሰነድ አለን» የሚል መልስ ከሰጠ የአባላትን መዋጮ አታውጡበት።

ለአስተዳደሩ የምትልኩት መልስ በዚህ ሳምንት ይጻፍ፤ ጨዋና አጭር ይሁን። ስለ ግብዣው አመስግኑ፤ የጋራውን ሥልጠና በመርህ ደረጃ እንደምትቀበሉት ግለጹና አራት ነጥቦችን አስቀምጡ። አሠልጣኙ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይመረጥ፤ የሚሳተፉትን የማኅበሩን ሰዎች ማኅበሩ ራሱ ይወስን፤ ለሁለቱም ወገኖች የሚከፈለው አበል እኩል ይሁን፣ ከዚያ ውጪ ስጦታ አይኑር፤ በሥልጠናው ላይ ለምሳሌነት የተነገረ ሐሳብ በድርድሩ ላይ እንደ ስምምነት አይጠቀስ። በዚያው ደብዳቤ ላይ በአንቀጽ 82 መሠረት ለፌዴሬሽኑ ሥልጠና የምትወጡበትን ቀንና የሰዎቹን ስም አሳውቁ። ከስሞቹ መካከል ከኮሚቴው ውጪ የሆኑ ሁለት ወጣት የክፍል ተጠሪዎችን፣ በተለይም ከሌሊት ፈረቃ አንዲት ሴት ብትጨምሩ እመክራለሁ። አንቀጽ 82 የሚናገረው ስለ ማኅበር መሪዎች ስለሆነ የእነዚህን የክፍል ተጠሪዎች ፈቃድ ለብቻው ጠይቁ። የቀድሞዎቹ መሪዎች ሲለቁ ዕውቀቱ አብሯቸው እንደሄደ እርስዎ ራስዎ አይተዋል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱን አስተዳደሩ ተቀብሎ ቀን ጽፎና ማኅተም አድርጎ ይመልስላችሁ፣ እርሱም በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ።